እናት አልባ የጥንቸል ግልገሎችን በእጅ ማሳደግ፦ መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ወተት

የጥንቸል ግልገል ሲወለድ ፀጉር የለውም፣ አያይም፣ አይሰማም። ክብደቱም እንደ ዝርያው ከ30 እስከ 80 ግራም ቢሆን ነው። እናቱ ሞታ እንዲህ ያለ ነፍስ መዳፋችሁ ላይ ስትይዙ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሐሳብ "ርቦታል፣ ቶሎ ወተት ልስጠው" የሚል ነው። እኔም እንደዚያ ነው ያደረግሁት። የመጀመሪያዎቹን አራት ግልገሎች ሳገኛቸው ሰውነታቸው ቀዝቅዞ ነበር። እኔ ግን ወተት ፍለጋ ሮጥኩ፣ አሞቅሁት፣ ቶሎ ቶሎ አፋቸው ውስጥ አንጠባጠብኩላቸው። ሲነጋ ሁለቱን ሞተው አገኘኋቸው። የገደላቸው ረሃብ አልነበረም። ቀዝቃዛ ሆድ ውስጥ የገባ ወተት ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ግልገሎች በእጄ አልፈዋል። አንዳንዶቹ አድገዋል፣ አንዳንዶቹ አልቻሉም። በደንብ የተማርኩት ነገር ቢኖር ቅደም ተከተሉ ከወተቱ ዓይነት እንደሚበልጥ ነው። እናም ሲሪንጅ ከማንሳታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እውነት እናት የላቸውም?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጥንቸል እንደ ድመት ወይም እንደ ውሻ ልጆቿን አቅፋ አትውልም። በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ትመጣለች፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አጥብታ ትሄዳለች። አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ወይም ሊነጋጋ ሲል ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላችሁ ብትጠብቁ ላታዩዋት ትችላላችሁ። ጨካኝ ሆና አይደለም። ጎጆው አጠገብ ብትቆይ ሽታዋ አዳኝ እንስሳ ስለሚጠራ፣ መራቋ ራሱ ልጆቿን የምትጠብቅበት መንገድ ነው።

ስለዚህ እናቲቱን ትታችሁ የግልገሎቹን ሆድ እዩ። የጠባ ግልገል ሆዱ ክብና ውጥር ያለ ነው፤ ትናንሾቹ ላይ እንዲያውም ወተቱ በቆዳው ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል። ተሞቆ፣ ከወንድሞቹ ጋር ተደራርቦ፣ ጸጥ ብሎ ይተኛል። ያልጠባው ግን ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ቆዳው ተጨማዷል፣ ይንፈራገጣል፣ ሲነኩት ጭንቅላቱን እየሰበቀ ጡት ይፈልጋል። ማየት ያለባችሁ ጠዋት ነው፤ ማታ ላይ ሁሉም ሆዱ የጎደለ ይመስላል።

ገና የወለደች ጥንቸል፣ በተለይ የመጀመሪያዋ ከሆነ፣ ወተቷ እስኪወርድ እስከ አንድ ቀን ሊወስድ ይችላል። ጤነኛ ግልገል ሙቀት ካገኘ የመጀመሪያውን 24 ሰዓት ሳይጠባ ሊቋቋም ይችላል። አትደንግጡ። ጎጆውን አስተካክሉ፣ ከጎጆ ውጭ የወለደቻቸውን ሰብስባችሁ አንድ ላይ አድርጉ፣ ከዚያ ጊዜ ስጧት። "ሰው የነካውን እናቱ ትጠላለች" የሚባለው ለቤት ጥንቸል አይሠራም። ሽታችሁን ታውቀዋለች።

እናቲቱ በሕይወት ኖራ አላጠባ ካለች ወተት ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት እሷን መርምሩ። ጡቷ የጋለ፣ የጠጠረ፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ ከሆነ የጡት ኢንፌክሽን ይዟታል፤ ልጆቹ ከእሷ መጥባት የለባቸውም፣ እሷም ዛሬውኑ ሐኪም ያስፈልጋታል። ጤነኛ ሆና እንዲያው ከጎጆው የሸሸች ከሆነ ግን አንድ ሰው ቀስ አድርጎ ይያዛት፣ ሌላው ግልገሎቹን ሆዷ ሥር ያስጠጋላት። ጠዋት 5 ደቂቃ፣ ማታ 5 ደቂቃ ይበቃል። ከጥቂት ቀን በኋላ ራሷ የምትጀምር አለች። ባትጀምርም እንኳ በዚህ መንገድ የሚገኘው ወተት እናንተ ከምትቀላቅሉት ሁሉ ይበልጣል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምርጫ አሳዳጊ እናት ነው። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ልዩነት የወለደች ሌላ ጥንቸል ካለች፣ እሷ ከጎጆዋ ራቅ ስትል ግልገሎቹን ከራሷ ልጆች መሃል አስገቡ፤ መጀመሪያ ከጎጆዋ በወሰዳችሁት ፀጉርና ድርቆሽ አሻሽታችሁ። ጥንቸል አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 10 ጡት አላት፤ የራሷ ልጆች ጥቂት ከሆኑ ሁለት ሦስት ብትጨምሩባት ችላ ታሳድጋለች። ይህ ከተገኘ ሌላውን ሁሉ እርሱት። በእጅ ማጥባት የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ስለ ዱር ጥንቸል አንድ ነገር ልበል። ሜዳ ላይ ፀጉር ለብሶ፣ ዓይኑን ከፍቶ፣ ብቻውን ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ግልገል ካገኛችሁ አታንሱት። ጆሮ ረጃጅሙ የሜዳ ጥንቸል ሲወለድ ጀምሮ እንደዚያ ነው። እናቱ ደብቃው ሄዳለች፣ ሲመሽ መጥታ ታጠባዋለች። ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ራቁታቸውን የሆኑ ግልገሎች ከሆኑ ደግሞ በጎጆው አፍ ላይ ቀጫጭን ሣር ወይም ክር አጠላልፋችሁ ተዉትና ሲነጋ እዩ። ክሩ ከተነካካና ሆዳቸው ከሞላ እናት አላቸው። የዱር ግልገል በሰው እጅ ሲገባ በድንጋጤ ብቻ ሊሞት ይችላል፤ በብዙ አገር ያለ ፈቃድ መያዙም በሕግ የተከለከለ ነው። እናቱ መሞቷን በዓይናችሁ ካላያችሁ መልሱት፤ ካያችሁ ደግሞ የዱር እንስሳት ለሚንከባከቡ ባለሙያዎች ስጡት።

ሙቀት

እሺ፣ እናት እንደሌላቸው አረጋገጣችሁ። አሁንም ወተት አይደለም።

ግልገል በመጀመሪያው ሳምንት የራሱን ሙቀት መያዝ አይችልም። እናቱ ከሆዷ ፀጉር ነጭታ ጎጆውን የምትሸፍነው ለዚህ ነው። ሰውነቱ የቀዘቀዘ ግልገል አንጀቱ ሥራ አቁሟል፤ ወተት ብትሰጡት ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ ይበላሻል፣ ወይም በደንብ መዋጥ ስለማይችል ሳንባው ውስጥ ይገባል። እጃችሁ ላይ ስትይዙት ከእጃችሁ የቀዘቀዘ ከመሰላችሁ ገና ነው።

ቀዝቃዛ ግልገል የሚሞቀው ቀስ ተብሎ ነው። ልብሳችሁ ውስጥ፣ ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ያዙት። ግማሽ ሰዓትም አንድ ሰዓትም ሊወስድ ይችላል። ፍም አጠገብ ማስቀመጥ፣ ፀጉር ማድረቂያ መንፋት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር አይሆንም። ድንገተኛ ሙቀት እንደ ብርዱ ሁሉ ይገድላል።

ከሞቀ በኋላ ቤት ይሠራለታል። ትንሽ ካርቶን ውሰዱ፣ ሥሩ ላይ ፎጣ አንጥፉ፣ በላዩ ለስላሳ ድርቆሽ አድርጉ፣ መሃሉን በጡጫችሁ ጎድጎድ አድርጉት። እናቲቱ ነጭታ የተወችው ፀጉር ካለ አንዲት ክር ሳታስቀሩ አምጡት፤ ምንም ነገር አይተካውም። ከሌለ ጥፍር የማይዝ ለስላሳ ጨርቅ ቆራርጣችሁ ሸፍኑበት። ክሩ የሚመዘዝ ጨርቅ ግን እግራቸው ላይ ይጠመጠማል፣ እሱን ተዉት።

ሙቀቱን ለመስጠት ሙቅ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ በካርቶኑ አንድ ጎን ብቻ አስቀምጡ። አንድ ጎን ብቻ ያልኩት በምክንያት ነው። ሲበዛባቸው እየተሳቡ ወደ ቀዝቃዛው በኩል የሚሸሹበት ቦታ ሊኖር ይገባል። ጎጆው ውስጥ የምትፈልጉት ሙቀት በመጀመሪያው ሳምንት ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ግልገሎቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። አንድ ላይ ተጣብቀው የሚንጫጩ ከሆነ በርዷቸዋል። ተለያይተው፣ ቆዳቸው ቀልቶ የሚያለከልኩ ከሆነ በዝቶባቸዋል። ተጠጋግተው፣ ሆዳቸው ከፍ ዝቅ እያለ በሰላም ከተኙ ደርሳችኋል። የጠርሙሱን ውሃ ሌሊትም መቀየር እንዳትረሱ፤ የቀዘቀዘ ጠርሙስ ከምንም ይብሳል፣ የነበራቸውን ሙቀት ጭምር ይስባል።

ወተቱ

የላም ወተት ብቻውን አይሆንም። ምክንያቱን ማወቅ ጥሩ ነው። የጥንቸል ወተት ከ12 እስከ 15 በመቶ ቅባት፣ ከ10 በመቶ በላይ ፕሮቲን አለው፤ የላም ወተት ሁለቱም ከ3 እስከ 4 በመቶ ገደማ ናቸው። የወተት ስኳሩ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ በጥንቸል ወተት ከ2 በመቶ በታች፣ በላም ወተት ወደ 5 በመቶ። ስለዚህ የላም ወተት የሚጠባ ግልገል ሆዱ ሞልቶ ይራባል፣ በላዩ ላይ ያልለመደው ስኳር ያስቀምጠዋል። እናቲቱ በቀን አንዴ አጥብታ የምትሄደው ወተቷ እንደዚህ ወፍራም ስለሆነ ነው።

ከሚገኙት ሁሉ የሚሻለው ለድመት ግልገል ተብሎ የሚሸጠው የዱቄት ወተት ነው። በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው በጥብጡት፣ ከዚያ በአንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ላይ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር የሌለው ወፍራም ክሬም ጨምሩበት። ይህ ካልተገኘ የፍየል ወተት ላይ ያንኑ ክሬም ጨምራችሁ ተጠቀሙ። ስኳር፣ ማር፣ የሕፃናት የዱቄት ወተት፣ የአኩሪ አተር ወተት አትጨምሩ። የምትቀላቅሉት ለአንድ ቀን የሚበቃ ብቻ ይሁን፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ቀንሳችሁ አሙቁ። አንዴ ሞቆ የተረፈው ይደፋል። ያስቆጫል፣ ግን ይደፋል።

የሙቀቱ መጠን የሰውነት ሙቀት ወይም በጥቂቱ ከፍ ያለ፣ ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ይሁን። የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ ስታደርጉት ሞቅ ያለ ሆኖ የማያቃጥል ማለት ነው። ብዙ ግልገል ካላችሁ ወተቱ የያዘውን ስኒ ሙቅ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አስቀምጡት፤ አለበለዚያ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ቀዝቅዟል፣ እነሱም ቀዝቃዛ ወተት አይወዱም።

ለረጅም ሰዓት ሳይጠባ የቆየ ግልገል ውሃ አጥሮታል። ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ ይህን ያሳያል። እንደዚህ ከሆነ የመጀመሪያው ምግብ ወተት አይሁን። ለብ ያለ፣ ጣዕም ያልተጨመረበት ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ጥቂት ሚሊ ሊትር ስጡት፣ ከዚያ ቀጣዩን በወተት አድርጉ።

እንዴት ይጠባል?

በጣም ጠንቃቃ የምትሆኑበት ቦታ ይኸው ነው። በእጅ ከሚያድጉ ግልገሎች ብዙዎቹ የሚሞቱት ወተት ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ ነው። እኛ ሰዎች ትን ሲለን እንስላለን፣ ያልፋል። ይሄ ግን ሳንባው የባቄላ ፍሬ የምታህል ፍጡር ነው። አንዲት ጠብታ በተሳሳተ መንገድ ከገባች በሁለት ቀን ውስጥ የሳንባ ምች ሊይዘው ይችላል።

መርፌው የወጣለት 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያዙ። ትልቅ ሲሪንጅ አትጠቀሙ፤ ጣታችሁ በትንሹ ሲነካው ብዙ ወተት ይለቃል። ጫፉ ላይ ለስላሳ ትንሽ የጎማ ቱቦ ወይም ጡት ብትሰኩ ጥሩ ነው፣ ግን ተነቅሎ እንዳይዋጥ በደንብ የገባ ይሁን። የመስታወት ጠብታ ማድረጊያ አይሆንም፣ ትልልቆቹ ይነክሱታል። ዕቃውን ሁሉ ከእያንዳንዱ ማጥባት በፊት በፈላ ውሃ አጽዱ፣ እጃችሁንም ታጠቡ።

ግልገሉን በትንሽ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ጭንቅላቱ ብቻ ይውጣ። በሆዱ አስተኝታችሁ ወይም ደረቱን ቀና አድርጋችሁ ያዙት። በጀርባ አስተኝቶ እንደ ሰው ሕፃን ማጥባት በፍጹም የለም። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ እንዳይቀለበስ አመልካች ጣታችሁን ከማጅራቱ ደገፍ አድርጉ።

የሲሪንጁን ጫፍ ከአፉ ጎን አስገቡ፣ ፊት ለፊት ወደ ጉሮሮው አታነጣጥሩት። ከዚያ አንዲት ጠብታ ከንፈሩ ላይ። ጠብቁ። ይልሳታል። ሌላ ጠብታ። ጠብቁ። አገጩ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፤ እሱ ሲውጥ እናንተ ትጨምራላችሁ፣ ሲያቆም ታቆማላችሁ። ፍጥነቱን የሚወስነው እሱ ነው። እኔ ጥርሴን ነክሼ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያልኩ በሆዴ እቆጥራለሁ፤ ካልቆጠርኩ እጄ ይፈጥናል።

መጀመሪያ ላይ አልወስድም ቢል እምቢተኛ ሆኖ አይደለም። የጥንቸል ግልገል ጡት የሚያገኘው በማሽተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎች በጥንቸል ወተት ውስጥ ግልገሎቹን ወዲያው አፋቸውን እንዲከፍቱና ጡት እንዲይዙ የሚያደርግ ልዩ ሽታ ማግኘታቸውን አስታውቀዋል። እናንተ የቀላቀላችሁት ወተት ላይ ያ ሽታ የለም። ሲሪንጁም እንደ ጡት አይሸትም። ስለዚህ መልመድ አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃል። ከእናቱ ጎጆ የተረፈ ፀጉር እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ብትይዙት ሲረጋጋ አይቻለሁ። አንድ ሚሊ ሊትር ለመስጠት ሩብ ሰዓት ከፈጀ፣ ሩብ ሰዓት ይፍጅ።

ከአፍንጫው ወተት ወይም አረፋ ከወጣ ወዲያው አቁሙ። ጭንቅላቱን ወደ ታች አዘንብላችሁ ያዙት፣ አፍንጫውን በደረቅ ጨርቅ አብሱ፣ ትንፋሹ እስኪስተካከል አትጨምሩ። በቀጣዮቹ ሰዓታት ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ ወይም አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ተኝቶ ያለን፣ ዝሎ የተዘረጋን፣ መዋጥ ያቃተውን ግልገል ደግሞ በግድ አታጥቡ። ሐኪም በቱቦ ሊመግበው ይችላል፤ ሳትማሩ ቱቦ ግን እናንተ አትሞክሩ።

ስንት ሚሊ ሊትር?

በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት። እናቲቱ ከምታጠባበት ሰዓት ብዙም አይርቅም። በጣም ደካማና ትንሽ ከሆነ ያንኑ የቀን መጠን ለሦስት ወይም ለአራት ከፍላችሁ ስጡት።

ከልደት እስከ አንድ ሳምንት በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሊትር ይጀመራል። በሁለተኛው ሳምንት ከ5 እስከ 7፣ በሦስተኛው ከ7 እስከ 13፣ ከሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ እስከ ስድስተኛው ደግሞ ከ13 እስከ 15 ሚሊ ሊትር። ይህ መካከለኛ መጠን ላላቸው ዝርያዎች ነው፤ ድንክዬዎቹ በጣም ያነሰ ይበቃቸዋል። ቁጥሩን ለመሙላት ብላችሁ አታስጨንቁት። ሆዱ ክብ ሲሆን፣ ግን እንደ ተነፋ ፊኛ ሳይወጠር፣ ይበቃዋል። ከሁለት አንዱን ምረጡ ብባል ትንሽ የጎደለበትን እመርጣለሁ። የራበው ግልገል በሚቀጥለው ጊዜ ይካሳል፤ ከልክ በላይ የጠገበው ግን ተቅማጥ ይጀምረዋል፣ ተቅማጥ ያለበት ትንሽ ግልገል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም።

ይህን ሁሉ የሚያስተካክልላችሁ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ከጠዋቱ ማጥባት በፊት መዝኑና ጻፉ። እናት ያላቸው ግልገሎች በመጀመሪያው ሳምንት ክብደታቸው እጥፍ ይሆናል። የእናንተዎቹ ከዚያ ዝግ ቢሉ አይግረማችሁ፣ ግን በየቀኑ መጨመር አለባቸው። አንድ ቀን ካልጨመረ ልብ በሉ፣ ሁለት ቀን ከቀነሰ ሐኪም አማክሩ። የሚመሳሰሉ ከሆኑ ጆሯቸው ላይ በማይመርዝ ቀለም ነጥብ አድርጉባቸው፤ አለበለዚያ አንዱን ሁለቴ አጥብታችሁ ሌላውን ትረሱታላችሁ።

ካጠባችሁ በኋላ

ሥራው አላለቀም። ዓይናቸው ያልተከፈተ ግልገሎች ብቻቸውን ሽንት መሽናት ይከብዳቸዋል፤ እናታቸው በምላሷ እየላሰች ነው የምታስወጣቸው። ጥጥ በለብ ባለ ውሃ አርሱ፣ ጨምቁት፣ ከሆዱ በታች ጀምራችሁ ወደ ጭራው ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ አሻሹት። በግማሽ ደቂቃ ወይም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጥጡ ላይ ሽንት ታያላችሁ። ዓይነ ምድሩ፣ ማለትም በጠጡ፣ በየጊዜው ላይወጣ ይችላል፣ ሽንቱ ግን መውጣት አለበት። አንዳንዱ ከመጥባቱ በፊት ይሻለዋል፣ አንዳንዱ በኋላ። ዓይናቸው ከተከፈተ ከጥቂት ቀን በኋላ ይህ አያስፈልግም።

አገጩና ደረቱ ላይ የፈሰሰውን ወተት ወዲያው ጥረጉት፣ አድርቁት። ከደረቀ ፀጉሩን ያስነቅለዋል፣ ቆዳውንም ያቆስላል። ገላ ማጠብ ግን የለም። ከዚያ ወደ ሙቁ ጎጆ፣ ጨለማ፣ ጸጥታ። ልጆች ቤት ውስጥ ካሉ ማየት መፈለጋቸው አይቀርም፤ በማጥቢያ ሰዓት እንዲያዩ አድርጉ እንጂ በየሰዓቱ ካርቶኑ አይከፈት።

ሆዱ ከተነፋና ከጠጠረ፣ በጠጡ ውሃ ከሆነ፣ ወይም ግልገሉ ጥርሱን እያፋጨ ከተቆራመተ የሚጠበቅ ሰዓት የለም። ከሰው መድኃኒት ሣጥን አንቲባዮቲክ አውጥታችሁ እንዳትሰጡ። አሞክሲሲሊንና የፔኒሲሊን ዘመዶች በአፍ ሲሰጡ የጥንቸልን የአንጀት ባክቴሪያ አጥፍተው ራሳቸው ይገድላሉ። ትልቅ ጥንቸል እንኳ ላይተርፍ ይችላል።

ዓይናቸው ሲከፈት

በ10ኛው እና በ12ኛው ቀን መካከል ዓይናቸው ይገለጣል። ያን ቀን እስካሁን ስንቴ አየሁት፣ ግን አንዴም አልለመድኩትም። የሆነ ጠዋት ካርቶኑን ስትከፍቱ ያ በእጃችሁ ስትዳብሱት የከረማችሁት ነገር ያያችኋል። በ14ኛው ቀን አንዱ ዓይን አሁንም ተጣብቆ ከሆነ ፈልቶ በበረደ ውሃ ጥጥ አርሳችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። መግል ካለ ሐኪም ይየው።

አሁን አዲስ አደጋ ይመጣል፦ አንጀት። እናቱን የሚጠባ ግልገል ሆዱ ውስጥ ከእሷ ወተት የሚሠራ ጀርም ገዳይ ቅባት አለ። በእጅ ያደገው ይህ የለውም። ትልቅ ጥንቸል ሣር የሚፈጭለት የባክቴሪያ ሠራዊት ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በበጠጥ ነው፤ እናቲቱ ጎጆው ውስጥ ጥቂት ፍሬ ጥላ ትሄዳለች፣ ግልገሎቹ ይቀማምሷታል። እናንተም ይህን መተካት አለባችሁ። ጥንቸል ሁለት ዓይነት በጠጥ አላት። አንዱ የምታውቁት ደረቁ ክብ ነው። ሌላው ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ነው፤ ራሷ ከጭራዋ ሥር እየወሰደች ትበላዋለች። የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። ከጤነኛ፣ ጥገኛ ተውሳክ ከሌለባት ትልቅ ጥንቸል አንዲት ፍሬ ውሰዱ፣ ወተቱ ውስጥ አሟሙታችሁ ዓይናቸው ከተከፈተ በኋላ ለጥቂት ቀናት ስጧቸው። የሚቀፍ ይመስላል፣ አውቃለሁ። በእኔ እጅ ግን ይህን ያገኙትና ያላገኙት ጡት ሲጥሉ ልዩነታቸው በግልጽ ታይቶኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎጆው ውስጥ ንጹሕ፣ አቧራ የሌለው የሣር ድርቆሽ አስቀምጡላቸው። መጀመሪያ ይጫወቱበታል፣ ከዚያ ያኝኩታል። በሦስተኛው ሳምንት ለጥንቸል የተዘጋጀ እንክብል መኖ ትንሽና ዝቅ ባለ ሳህን ውሃ ጨምሩ፤ ሳህኑ እንዳይሰምጡበት ጥልቅ አይሁን። ካሮት፣ ሰላጣ፣ ፍራፍሬ፣ ጎመን ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። ድርቆሹ እንደ ልብ ይሁን። የረጠበውን በየቀኑ አውጡ፤ በዚህ ዕድሜ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ተውሳክ በቆሻሻ ውስጥ ቶሎ ይራባል።

ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ወተቱን መቀነስ ትችላላችሁ። መጀመሪያ የጠዋቱን ትታችሁ የማታውን አቆዩ፣ ድርቆሹን በደንብ እየበሉና ክብደታቸው እየጨመረ ከሆነ በስድስተኛው ሳምንት ጨርሱ። በዚያው ሳምንት ሌላ ነገር አትቀይሩባቸው። አዲስ ቤት፣ አዲስ መኖ፣ ወደ አዲስ ሰው መሄድ፣ ሁሉም ቢያንስ ስምንተኛው ሳምንት እስኪሞላ ይቆይ። አንድ ብቻውን የቀረ ግልገል ካላችሁ ከእናንተ ጋር በጣም ይላመዳል፣ ግን ጥንቸልነትን የሚያስተምረው ጥንቸል ነው፤ ጡት ከጣለ በኋላ የዕድሜ እኩያ ፈልጉለት። ወንዶቹንና ሴቶቹን ደግሞ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ለዩዋቸው፤ የጥንቸል እርግዝና 31 ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ ብትዘገዩ ሌላ ጎጆ ሙሉ ግልገል ይጠብቃችኋል።